እንደ ማንኛውም ገዢ

«ይቅርታ እመቤት፣ የሚያስተናግዱን እርስዎ ነዎት?»

ድምፁ አልጠፋትም፤ ግራ ያጋባት «እመቤት» የሚለው ቃል ነው። ሻጯ ከወረቀቶቿ ቀና ስትል አባቷ ከጠረጴዛዋ ማዶ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ለትልልቅ ቀን ብቻ ከቁም ሣጥን የሚወጣውን ሰማያዊ ኮቱን ለብሷል፤ የሸሚዙን ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆልፏል፤ ሽበቱን በውኃ አስተኝቶታል። እጆቹን ደጋግሞ እንደፈተጋቸው ያስታውቃል። እንዲያም ሆኖ አርባ ዓመት የከረመው ግራሶ በጥፍሮቹ ዙሪያ በቀጭን እርሳስ የተሰመረ ይመስል ቀርቷል። ከኋላው እናቷ በአንድ እጇ ከዘራዋን፣ በሌላው ቦርሳዋን ይዛ፣ ልጇን በሕይወቷ አይታ እንደማታውቅ ሰው የአዳራሹን ጣሪያ ትመረምራለች።

«አባ...»

አባቷ ፈጥኖ ራሱን ነቀነቀ። «መኪና ልንገዛ ነው የመጣነው» አለ፣ ጥግ ባለው የመስታወት ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ሥራ አስኪያጅ ጭምር እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እንደ ማንኛውም ገዢ።»

በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

ሻጯ በዚህ የመኪና መሸጫ ስድስት ወር ሊሞላት አራት ቀን ቀርቷታል። የቤቱ ደንብ አጭር ነው፤ በስድስት ወር የሙከራ ጊዜ አሥራ ሁለት መኪና የሸጠ ይቀጠራል፣ ያልሸጠ እጁን ተጨብጦ ይሸኛል። እሷ አሥራ አንድ ሸጣለች። አሥራ አንደኛዋን ከሸጠች አሥራ ስምንት ቀን ሆኗታል፤ ከዚያ ወዲህ የገባው ሰው ሁሉ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ፣ መሪ ጨብጦ፣ የቀረበለትን ውኃ ጠጥቶ፣ «እናስብበት» ብሎ ሄዷል። ይህን ለቤተሰቦቿ አልነገረችም። ከአባቷ ጋር ስለዚህ ሥራ ማውራት ድሮም ቀላል አልነበረም።

ያደገችው ከትምህርት ቤት መልስ ጋራዡ ውስጥ የመፍቻ ቁጥር እየለየች ነው። ካደገችም በኋላ ስምንት ዓመት ሙሉ ቱታ ለብሳ ከአባቷ ጋር ሠርታለች። የሞተር ድምፅ ሰምታ ሕመሙን የምትናገር ልጅ ነበረች፤ አባቷ ለደንበኞቹ «እኔ እጅ ነኝ፤ ጆሮ እሷ ናት» ይል ነበር። ጋራዡን ትረከበኛለች ብሎ በልቡ ሲጠብቅ፣ አንድ ሰኞ ቱታዋን አጥባና አጣጥፋ አስረከበችው። ከመኪና ሥር ተኝታ ሳይሆን ከሰው ፊት ቆማ መሥራት እንደምትፈልግ ነገረችው። አልተቆጣም። ሳምንት ሙሉ ግን በ«እሺ» እና በ«እንጃ» ብቻ አነጋገራት። ከዚያ በኋላም እሁድ እሁድ ቤት ስትሄድ ስለ አየሩና ስለ ጎረቤቱ ያወራሉ እንጂ፣ ስለ ሥራዋ አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም። በዚህ ጎዳና ላለማለፍ ሲል ረጅሙን መንገድ ዞሮ ነው ቤቱ የሚገባው። ይህን የነገረቻት እናቷ ናት።

ዛሬ ግን መጣ፤ ያውም «እርስዎ» እያለ።

«ይቀመጡ» አለች፤ ሌላ ምን ትበል። ለእናቷ መደገፊያ ያለውን ወንበር ሳበችላት። እናቷ ስትቀመጥ ቀኝ እግሯን እንደ እንጨት ቀጥ አድርጋ ዘረጋችው። ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ከሆነች አራት ወሯ ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ጎረቤት ከተማ ድረስ ለእንቅስቃሴ ሕክምና ትመላለሳለች።

ሻጯ የደንበኛ መጠይቁን አወጣች። ስሙን ስትጠይቀው፣ ከራሷ ስም ቀጥሎ ዕድሜ ልኳን ስትጽፈው የኖረችውን ስም ፊደል በፊደል ነገራት። ሰምታ እንደማታውቀው ሁሉ አንድ በአንድ ጻፈችው።

«ሥራ?»

«መካኒክ።»

«አሁን መኪና አለዎት?»

«አለኝ።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ከልጄ በአራት ዓመት ታንሳለች።»

«ልጅ አለዎት?» አለች። ሳታስበው ነው ያመለጣት፤ ጨዋታው እየያዛት መጥቷል።

«አንዲት አለችን» አለች እናቷ ጣሪያውን ትታ። «እሁድ እሁድ ብቅ ትላለች። ከስታለች። ምግብ የምትበላም አይመስለኝ።»

ሻጯ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ወረቀቱ አቀረቀረች። የሚቀጥለው ጥያቄ መኪናውን ለመቀየር የፈለጉበትን ምክንያት የሚጠይቅ ነበር። ጮክ ብላ አነበበችው። አባቷ የጠረጴዛውን ጠርዝ በአውራ ጣቱ መዳሰስ ጀመረ።

«አርጅታለች ብለው ይጻፉት።»

«የለም፣ እውነቱ ይጻፍ» አለች እናቷ። «እመቤት፣ ይስሙኝ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ከሕክምና ስንመለስ ዳገቱ ላይ ቀጥ አለች። ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። እሱ ጭቃው ላይ ተንጋሎ ሥሯ ገባ፤ እኔ በመስኮት የሚታየኝ የጫማው ሶል ብቻ ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ! በኋላ ሲሚንቶ የጫነ የጭነት መኪና አዝኖልን ቆመ። እኔን ለሁለት ተሸክመው እንደ ጆንያ ነው የጫኑኝ። ጉልበቴ በነጋታው ይህን አክሎ አደረ።» በሁለት እጆቿ ልኩን አሳየች።

የሻጯ እስክሪብቶ ቆመ። የዚያን እሁድ የእናቷ ጉልበት አብጦ አይታ ስትጠይቃት «ደረጃ ስወርድ አዳልጦኝ ነው» ነበር ያለቻት። አባቷ ያኔ አጠገባቸው ተቀምጦ ጋዜጣ ሲያገላብጥ ትዝ አላት፤ አንዱን ገጽ ረጅም ጊዜ ይዞ ቆይቶ ነበር።

«ለልጅዎ... ነግረዋታል?»

«እንዳትነግሪያት ብሎ አስማለኝ እንጂ! የመካኒክ መኪና መንገድ ላይ ቆመች ይባላል እንዴ አለኝ።»

«የነዳጅ ፓምፑ ነበር» አለ አባቷ ቀስ ብሎ፤ ለማንም የሚናገር አይመስልም። «መድከሙን ካወቅኩ ወር አልፎኝ ነበር። የሰው መኪና ቢሆን በዕለቱ እቀይረው ነበር። የራሴ ሲሆን ነገ ነገ ስል...» አልጨረሰውም።

ጠረጴዛውን ዞራ ሁለቱንም አንድ ላይ ማቀፍ አማራት። ነገር ግን አባቷ በዚያ ሰማያዊ ኮት ውስጥ እንዲህ ተጠንቅቆ የተቀመጠው ለአንድ ነገር ብሎ ነው፤ ምን እንደሆነ ገና ባይገባትም፣ አሁን ብታቅፈው የምታፈርሰው መሰላት። ከጥያቄው ፊት ለፊት «ለቤተሰብ ደኅንነት» ብላ ጻፈች። የመጨረሻዋ ፊደል ትንሽ ተንጋደደች።

በያዙት ገንዘብ ልትገዛ የምትችለው ትንሿ ግራጫ መኪና ነበረች፤ አዳራሹ መሃል ላይ ከሁለት ትልልቅና ውድ መኪኖች መካከል ቆማለች። ሌላው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቀለሟ፣ ቀጥሎም ስለ ሬዲዮዋ ነው። አባቷ ኮፈኑን እንድትከፍትለት ጠየቃት። ኮቱን አውልቆ ለሚስቱ ሰጠ፤ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አትንኩ የሚል የተጻፈበት ዕቃ እንደሚያይ ሰው ሳይነካ አጎነበሰ። አርባ ዓመት ሙሉ መኪና የሚያገኘው ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ማንም ያልፈታውን፣ ማንም ያልገጠመውን፣ አቧራ እንኳ ያላየውን ሞተር እንዲህ በቅርብ ሲያይ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«እስኪ ያስነሷት።»

አስነሣቻት። ሞተሩ ያለ ማንገራገር ተነሣ። አባቷ ዓይኖቹን ጨፈነ። እሷም መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ጆሮዋን ሰጠች። ስድስት ወር ሙሉ ስለ እነዚህ መኪኖች ስትናገር ኖራለች፤ አንዱንም ግን እንዲህ ዝም ብላ አዳምጣው እንደማታውቅ ገና አሁን ገባት።

«ምን ይሰማዎታል?» አላት።

«በግራ በኩል ቲክ ቲክ ይላል። ቫልቭ አይደለም፤ የነዳጅ መርጫዎቹ ናቸው። ሲሞቅ ይለዝባል።»

ጠበቁ። ሲሞቅ ለዘበ። አባቷ ዓይኑን ሳይገልጥ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ፈገግታው እንዳይታወቅበት ፊቱን አዙሮ ኮፈኑን ራሱ ዘጋው።

እናቷ የራሷ ፈተና ነበራት። በሩን ከፈተች፣ ከዘራዋን ለባሏ ሰጠች፣ መጀመሪያ ጤነኛ እግሯን አስገባች፤ ከዚያ ትንፋሿን ሰብስባ የታመመውን አነሣች። ሻጯ ልትደግፋት እጇን ስትዘረጋ እናቷ በዓይኗ መለሰቻት። እግሯ የበሩን ጠርዝ ሳይነካ ገባ። እናቷ ወንበሩ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች፤ ትንሽ ቆይታም ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ ወደ ፊት፣ መንገድ እንደያዘ ሰው ተመለከተች።

«ይቺ ናት» አለች። «ሌላ አያሳዩኝ።»

ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ። ሻጯ የዋጋ ማቅረቢያውን አትማ ከፊታቸው አኖረች። አባቷ መነጽሩን አውጥቶ በጣቱ ከመስመር መስመር ይወርድ ጀመር። የመኪናዋ ዋጋ። መጓጓዣ። የሰሌዳና የምዝገባ። ከዚያ ጣቱ ቆመ።

«የአካባቢ አከፋፋይ ክፍያ፣ ዘጠና ሺህ። ይሄ ምንድን ነው?»

ይህን ጥያቄ ከአሥራ አንዱ ገዢዎቿ ዘጠኙ ጠይቀዋታል። መልሱን ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ቀን ነው ሥራ አስኪያጁ ያስጠናት፤ «መጓጓዣ፣ ማስታወቂያና ዝግጅት ነው» ብላ ፈገግ ትላለች፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው መስመር ታልፋለች። ዘጠኝ ጊዜ እንዲያ አድርጋለች። አሁንም አፏ ቀደማት።

«መጓጓዣ፣ ማስታወቂያና...»

«መጓጓዣው እዚህ ላይ አለ» አለ አባቷ፣ ጣቱን ወደ ላይ መልሶ። ቁጣ የለበትም፤ በደንብ ያልጠበቀ ብሎን ሲያገኝ የሚናገርበት ድምፅ ነው። ቀጥሎ ከደረት ኪሱ በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣና ከእሷው ወረቀት ጎን ዘረጋው። ከጎረቤት ከተማው ቅርንጫፍ የመጣ የዋጋ ማቅረቢያ ነው። ያው ድርጅት፣ ያቺው ግራጫ መኪና፣ ያው ዋጋ። የአካባቢ አከፋፋይ ክፍያ ከሚለው ትይዩ ግን ሠላሳ አምስት ሺህ ይላል።

«ትናንት በአውቶቡስ ሄጄ ነበር» አለ። «ያመጣቸው አንድ መርከብ ነው። እዚህ ሲደርስ ምን ያህል ደክሞት ነው ይሄን ሁሉ የሚጨምረው?»

ሻጯ ሁለቱን ወረቀቶች እያፈራረቀች አየች። ልዩነት እንዳለ ታውቅ ነበር፤ ሁሉም ሻጭ ያውቃል። እንዲህ ጎን ለጎን ተዘርግቶ ግን አይታው አታውቅም። የዘጠኙ ሰዎች ፊት አንድ በአንድ መጣባት፤ በተለይ አንዷ ጡረታ የወጣች መምህርት፣ «እንዲያ ከሆነ እሺ ልጄ» ያለቻት።

«እንግዲያው ለምን እዚያው አልገዙም?» አለችው።

አባቷ ወረቀቱን አጠፈ። መልሶ ዘረጋው። መልሱን የሰጠችው እናቷ ናት።

«እዚያ ያለውን ሻጭ አናውቀውማ» አለች።

ያን ጊዜ ለእሷ ሲሉ እንደመጡ ገባት። ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ይስሙኝ። ለሠራተኛ ቤተሰብ ይህ ክፍያ ሙሉ በሙሉ ይቀራል። የሚሞላው አንድ ቅጽ ብቻ ነው...»

«አውቃለሁ።»

«ያውቃሉ?»

«ጥበቃው ሞተር ብስክሌቱን የሚያሠራው እኔ ጋ ነው» አለ አባቷ እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለቤተሰብ የተሸጠ ለሻጩ አይቆጠርም ብሎኛል። አሥራ አንድ ላይ እንደቆሙ፣ አራት ቀን እንደቀረዎትም ነግሮኛል።»

ሻጯ ወደ በሩ ዞረች። ጥበቃው መንገዱ ላይ በድንገት ብዙ የሚያየው ነገር አገኘ።

«ስለዚህ» አለ አባቷ ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ገዢነቱ እየተመለሰ፣ «እዚያኛው ቤት የጠየቀኝን ሠላሳ አምስቱን እከፍላለሁ። ከዚያ በላይ ንቅንቅ አልልም።»

«ምንም አይክፈሉ።»

«አርባ።»

«አባ... ጌታዬ፣ ሰባራ ሳንቲም አልቀበልዎትም።»

«አርባ አምስት!»

«ኧረ ሰውዬ፣ ምን ነካህ?» አለች እናቷ። «ሰው ቁልቁል ይከራከራል እንጂ ሽቅብ ይከራከራል?»

«አንቺ ዝም በይ፤ ድርድር ላይ ነን።»

የሦስቱ ድምፅ ሳይታወቃቸው ከፍ ብሎ ኖሮ የመስታወቱ ክፍል በር ተከፈተ። ሥራ አስኪያጁ ሰፋፊ ክራባት የሚያዘወትር፣ ክፋት የሌለበት፣ ነገር ግን ከበላይ አካል ስልክ ሲደወልለት ከወንበሩ ተነሥቶ የሚያነጋግር ሰው ነው። ፈገግ ብሎ ቀረበ።

«ችግር አለ እንዴ?»

«የለም ጌታዬ» አለ አባቷ፣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «ሻጭዎ ጎበዝ ናት። በክፍያው ላይ ተከራክረን አርባ አምስት ላይ አቆመችኝ። ተስማምተናል። የት ነው የምፈርመው?»

ሥራ አስኪያጁ ፊቱ በራ። «ጎሽ! አሥራ ሁለተኛዋ ማለት ናት» አለ ወደ ሻጯ ዞሮ። «እኔ እኮ ትደርሺበታለሽ ብያለሁ።»

ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት። እንደ ቤቱ ልማድ ከሆነ ግማሽ ክፍያ መቀነስ በእሷ ሥልጣን ነው፤ ማንም አይጠይቃትም። አባቷ ይፈርማል፣ እሷ ትቀጠራለች፣ እናቷ ከዳገቱ ላይ ትድናለች። ምን የጎደለ ነገር አለ? ነገር ግን አባቷን አየችው። አሮጌ ብሎን አጥቦ መልሶ ሲገጥም እንኳ ደረሰኙ ላይ «አሮጌ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ነው። አሁን ከማያውቀው ሰው ፊት በሰማያዊ ኮቱ ቆሞ ስለ እሷ ሲዋሽ የግራ ጆሮው እስከ ሥሩ ቀልቷል። ውሸት አያውቅበትም፤ ግን እየሞከረ ነው። እዚህ በር ላይ ለመድረስ ስድስት ወር የፈጀበት ሰው፣ ባልለመደው ነገር፣ ባልለመደው «እርስዎ» እየተደናቀፈ፣ የማያምንበትን ክፍያ ሊከፍልላት ቆሟል።

መሳቢያዋን ከፈተች። የሠራተኛ ቤተሰብ ቅጽ ከሥር ነበር። ስሙን ጻፈች፤ አሁን ፊደል በፊደል መጠየቅ አላስፈለጋትም። «ዝምድና» በሚለው ቦታ ላይ «አባት» ብላ ጻፈች፣ ፈረመችበትና ለሥራ አስኪያጁ አቀበለችው።

«አባቴ ነው» አለች። «እሷም እናቴ ናት።»

«ብሎኔ!» አለ አባቷ። «ምን አደረግሽ?»

የልጅነት ስሟ ነው። አራት ዓመት ሳይሞላት አንድ ብሎን ውጣ ሌሊቱን ሙሉ ሆስፒታል ካሳደረችው ጀምሮ እንዲያ ነው የሚጠራት፤ ጋራዡን ከለቀቀች ወዲህ ግን ከአፉ ሰምታው አታውቅም። «እርስዎ» የሚለው ነገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ከአዳራሹ ጠፋ።

ሥራ አስኪያጁ ቅጹን አነበበ፤ መጠይቁን አነበበ፤ አባትና ልጅን በየተራ አየ። «ይሄ እንግዲህ አይቆጠርልሽም። ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«አራት ቀን ነው የቀረሽ።»

«እሱንም አውቃለሁ።» ሁለቱን የዋጋ ማቅረቢያዎች ጎን ለጎን አስተካከለች። «አንድ ሌላ ነገርም አለ። ከዛሬ ጀምሮ ሰው ስለ አካባቢ ክፍያው ቢጠይቀኝ መጓጓዣ ነው አልልም። ቤቱ የሚጨምረው ነው፣ ይቀነስ ብላችሁ ጠይቁ እላቸዋለሁ። ከሠራሁ እንዲህ ነው የምሠራው።»

ሥራ አስኪያጁ ከጎረቤት ከተማው የመጣውን ወረቀት ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ፣ ከዚህኛው ጋር አስተያይቶ፣ በረጅሙ ተነፈሰ። «እሱን ነገ እንነጋገርበታለን» አለ። ቅጹ ላይ ማህተሙን መታበት፤ የአካባቢ ክፍያውን መስመር በእስክሪብቶ ሰረዘው። ሊሄድ ዞሮ ደግሞ ቆመ። «ይቅርታ አባት፣ መካኒክ ነኝ ብለዋል። የኔ መኪና ጠዋት ጠዋት ፍሬን ስይዝ ትጮሃለች...»

«ፍሬን ሸራው አልቆ ነው» አለ አባቷ በንዴት። «ዛሬውኑ ይቀይሩት። ነገ አይበሉ።»

ክፍያው በባንክ ተላልፎ፣ ወረቀቱ ሁሉ ተፈራርሞ ሲያልቅ ቀትር ሆነ። ግራጫዋን መኪና ወደ ግቢው አወጧት። እናቷ ማንም ሳይጋብዛት ከፊት ገብታ ተቀምጣለች። አባቷ ቁልፉን መዳፉ ላይ ያገላብጣል፤ ፊቱ እንደተቋጠረ ነው።

«አንድ ነገር ልሰጥሽ መጥቼ ተቀብዬሽ ልሄድ» አላት።

«አባዬ፣ ስትዋሽ ጆሮህ እንደሚቀላ ታውቃለህ?»

እጁ ሳያስበው ወደ ጆሮው ሄደ። ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው መልሶ ዋጠው። ከዚያ ቁልፉን እያየ ተናገረ።

«እዚህ ያልመጣሁት ንቄ እንዳይመስልሽ። አፍ ብቻ ሆነሽ ባገኝሽ ምን እላለሁ ብዬ ፈርቼ ነው።»

«አገኘኸኝ?»

«መርጫዎቹን እኔ አልሰማኋቸውም ነበር» አለ። «ጆሮዬ ከደከመ ቆየ። ለእናትሽ አትንገሪያት።»

«ሰምቻለሁ!» አለች እናቷ በተከፈተው መስኮት። «ሁለታችሁም ስሙኝማ፣ ሐኪሙ ስምንት ሰዓት ላይ ይጠብቀኛል።»

ሻጯ አባቷን አቀፈችው። ሰማያዊው ኮት ከላይ የሣጥን ሽታ አለው፤ ከሥሩ ግን ያው የምታውቀው የቤንዚንና የሳሙና ሽታ ነው። ትከሻዋን ሁለቴ መታ መታ አደረጋት፤ አዲስ ጎማ ሲፈትሽ እንደሚያደርገው። ከዚያ ጠረጴዛዋ ላይ ስልኳ ጮኸና ሮጣ ገባች።

የደወለችው ከሁለት ሳምንት በፊት «እናስብበት» ብላ የሄደች ሴት ነበረች፤ ልትነግራት የፈለገችውም ከሌላ ቦታ መግዛታቸውን ነው። ሻጯ እንኳን ደስ አላችሁ አለች፤ ከልቧም ነበር። ስልኩን እያስቀመጠች በመስታወቱ ወደ ግቢው ስታይ ግራጫዋ መኪና ገና አልሄደችም። እናቷ ውስጥ ተቀምጣ ሰዓቷን ታያለች። አባቷ ግን የለም።

ዓይኗን ወደ ግቢው ጥግ ላከች። አንድ ባልና ሚስት፣ ሚስቲቱ ነፍሰ ጡር፣ ባልየው የሞተር ብስክሌት የራስ ቁሩን በክንዱ አንጠልጥሎ፣ ወደ አዳራሹ ለመግባት ያፈሩ ይመስል አንዲት ሰማያዊ መኪና ዙሪያ ቆመዋል። አባቷ መሃላቸው ነው። ኮቱን አውልቆ ትከሻው ላይ ጥሎታል፤ የመኪናዋን ኮፈን ማን እንዳስከፈተው እንጃ፣ ከፍቶታል። አጎንብሶ በጣቱ አንድ ነገር ያሳያቸዋል፤ ቀና ይልና በሁለት እጁ አየሩ ላይ የሆነ ነገር ይፈታል፣ መልሶ ይገጥማል። ድምፁ መስታወቱን አያልፍም። ባልየው ጠየቀ፤ አባቷ ራሱን ነቀነቀ። ሚስቲቱ ጠየቀች። በዚህኛው ጥያቄ አባቷ ትንሽ አሰበ፤ ኮፈኑን በቀስታ ዘጋ፤ ከዚያም እጁን አንሥቶ በመስታወቱ አቅጣጫ፣ በቀጥታ ወደ እሷ ጠቆመ።

ባልና ሚስቱ ዞረው አዩዋት። አባቷ እየጠቆመ መናገሩን አላቆመም፤ ምን እንደሚላቸው ከከንፈሩ ለማንበብ ሞከረች፤ አልቻለችም። ግራጫዋ መኪና ውስጥ እናቷ ትዕግሥቷ አልቆ ጡሩምባውን ስትነፋ፣ ሻጯ ወንበሯን ገፍታ ተነሣችና ወደ በሩ ሄደች።